ከኮሶው ሥር ስለተገኘችው ሣጥን ለክቡር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የደን መንገድ ጉብኝትና መዝናኛ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ እርስዎ በሙሉ ጤና፣ ወንበርዎ በአራት እግሯ፣ መኪናዎም በአራት ጎማዋ ጸንተው እንዲቆዩ የኪዳነ ምሕረት ፈቃድ ይሁን። እኛ የአስታ አምባ ሰዎች ውርጭ ገብሳችንን ትንሽ ከመላጨቱ በቀር ደኅና ነን። የዚህች ደብዳቤ ጸሐፊ እኔ ሽመክትም በጽሕፈት ቤትዎ መልካም ፈቃድ ጠንቋይ ከመሆኔ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ነገሩን በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በታሸገ ፖስታ ሁለት ጊዜ አመልክቼ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ስለተባልኩ፣ የሚመለከተው እስኪገኝ ድረስ ሁሉም ሰው ቢመለከተው ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ በልጅነቴ ከዳዊት እስከ ቅኔ ተምሬ፣ አባቴ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጬ ወደ ገብስና ወደ በግ የተመለስኩ ገበሬ ነኝ። ከቀየት ገበያ ወዲህ፣ የደኑ መኪና መንገድ በሚያልፍበት አፋፍ ላይ ቤት አለኝ። ባለቤቴ አመተሥላሴ ትባላለች። ልጄ ጽናት መሐል ሜዳ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከአጥሬ ቀጥሎ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ትኖራለች፤ የእኔንና የእሷን ድንበር የሚለየው አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ነው። ልጄ ጽናት ለጥሩሸዋ ልጅ ለአወቀ ታጭታ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ የደረሰልን በዚህ ጊዜ ነው፤ ምስጋናዬንም ከዚህ እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ ሣጥኖቹን ስለደበቁልን አመሰግናለሁ።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ላስረዳ። ጽሕፈት ቤቱ አምና በጥቅምት በደናችን መንገድ ዳር አዲስ ጨዋታ ዘረጋ። ክዳን ያላቸው ትናንሽ የላስቲክ ሣጥኖች በጦስኙ፣ በቀበርቾው፣ በኮሶውና በሌላውም የመድኃኒት ተክል ሥር ይደበቃሉ። የከተማ ሰው የቦታውን ቁጥር በስልኩ ይቀበልና ስልኩ እየመራው መጥቶ ሣጥኗን ይፈልጋል። ሲያገኛት ስለ ተክሉ የተጻፈውን ያነባል፤ ስሙን ያሰፍራል፤ አንዲት ትንሽ ስጦታ ትቶ ሣጥኗን እንደነበረች ይሸሽጋታል። ደግ ጨዋታ ነው፤ አንዳች ነውር የለበትም። እኛም ድብብቆሽ እያልን እንጫወተዋለን። ልዩነቱ፣ እኛ ስንጫወት ሰው ሁሉ እየተጫወትን መሆኑን ያውቃል።

ክቡርነትዎ ግን ለመንደሩ ቢነገር ምሥጢሩ ይበላሻል ብለው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ከሣጥኖቹ አንዷን ከኮሶው ሥር፣ በሥሩና በሥሩ መካከል ቀበሯት። ይህ ጥንቃቄዎ ፍሬ ያፈራው በኅዳር ነው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከቤት ውጭ የምትጥል አንዲት ዶሮ ነበረቻት። እንቁላሉን ስትፈልግ ከዛፉ ሥር እጇን ብትሰድ የእርስዎን ሣጥን አወጣች። ጽሕፈት ቤትዎና የጥሩሸዋ ዶሮ ዕቃ የሚደብቁበት ቦታ አንድ ኖሯል።

በሣጥኗ ውስጥ በቀይ ክር የታሰረ ደረቅ የኮሶ አበባ ነበረ። አንድ ወረቀትም ነበረ፤ እንዲህ ይላል፦ «የተሰወረውን ያገኘህ ሆይ፣ ደስ ይበልህ! ስምህን ጻፍ፤ እንደነበረ አድርገህ መልሰው፤ ለማያውቁት አትንገር።» ከሥሩ የማይገቡ ቁጥሮች፣ ከቁጥሮቹም ሥር የስም ዝርዝር አለ፦ «ጥቁር ነብር»፣ «የሌሊት ወፍ ሰባት»፣ «ነፋሱ ንጉሥ»። ከሁሉ በታች አውራ ጣት የምታህል አሻንጉሊት ተኝታለች፤ ግራ እግሯ ከጉልበቷ የለም።

ክቡር ሆይ፣ የጥሩሸዋ ልጅ አወቀ ከፈረስ ወድቆ ወጌሻ ካሰረው ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። የተሰበረው ግራ እግሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ቅኔ መማር አያስፈልግም። እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ጥሩሸዋ ሣጥኗን በእጇ ላለመንካት በሰፌድ ተሸክማ ቅጽሩ መሐል ቆመች።

«ያገሬ ሰው፣ ልጄን አንካሳ ያደረገውን እዩልኝ» አለች። «በዚህ አገር ፊደል የቆጠረ፣ ዕፅ የሚለይ፣ ከደጄ ዛፍ ሥር ማታም ጧትም የሚደርስ ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው ካለ ብዬ አየሁ፤ አልነበረም።

«ጥሩሸዋ፣» አልኳት፣ «ልጄን ለልጅሽ የሰጠሁ ሰው ነኝ። የገዛ አማቼን እግር ሰብሬ ምን ላተርፍ?»

«እሱን ያዘዘህን ጋኔን ጠይቀው» አለችኝ።

እስቲ ወረቀቱን ልየው ብዬ ተቀበልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ይህ ከሁሉ የባሰ ስሕተት ሆነ። «የተሰወረውን ያገኘህ ሆይ» ከማለቴ አንዲት ሴት «ደገመው! ፊታችን ላይ ደገመው!» ብላ ጮኸች፤ እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ ደፈኑ። ቄስ ይሥሐቅ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው ስሞቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና የአጋንንት ስም መሆናቸውን መሰከሩ። «የሌሊት ወፍ ሰባት» ሲባል አንድ ሽማግሌ «ስድስቱስ የት ገቡ?» ብለው በጭንቀት እንደጠየቁ አልረሳም። ሣጥኗ ጠበል ተረጭቶባት እዚያው ተቃጠለች። ወረቀቷን ግን ቄሱ ለማስረጃ በኪሳቸው አስቀሩ።

አወቀ በምርኩዙ ተደግፎ ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ነበር። ልጄ ጽናትም ከእናቷ ጋር ቆማ በቀጥታ ታየዋለች። እሱ ያየው የምርኩዙን ጫፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ስላገኘሁት ክብር አመሰግናለሁ።

ሠርጉ ቀረ፤ ስለዚህ ከብዙ ድካምና ከብዙ ጠላ አሳረፉኝ። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ ዘወር ስለሚሉላት ወረፋ የሚባል ነገር አታውቅም። ገበያ ላይ በጌን የሚጎነትል፣ ጥርስ ከፍቶ ዕድሜ የሚቆጥር ደንበኛ ጠፋ፤ ከናካቴው ደንበኛ ጠፋ። በጽዋ ማኅበራችን ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ዘንድ ሲደርስ መሬት ላይ ይቀመጥልኛል፤ ራሴ አነሣዋለሁ። ኮሶ ሆድ እንደሚያጸዳ አውቅ ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ኮሶ ግን ሰፈር ያጸዳል።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። በጾመ ነቢያት አንድ ቀን ገብስ ስናበራይ ዋልን፤ አመተሥላሴ መንሹን አቁማ ወደኔ ጠጋ አለች።

«ሽመክት፣ ለእኔ እንኳ ንገረኝ» አለችኝ። «ቅኔ ቤት ሳለህ ሌላ ነገር አልተማርክም?»

እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ከእሷ ጋር ልጅ ወልጄ፣ ልጅ ቀብሬ ኖሬአለሁ። «አልተማርኩም» አልኳት። «እሺ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ግን ያን ዕለት እህል አልወረደልኝም። ከሣጥንዎ ውስጥ ሌላው ሰው አሻንጉሊት አገኘ፤ የእኔ ድርሻ ይህች ጥያቄ ናት።

ሦስተኛ፣ ስለላኳቸው እንግዶች አመሰግናለሁ፤ ይህኛውን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው።

በዐቢይ ጾም መሐል አራት ተማሪዎች ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ መጡ። ስልካቸውን እንደ መስቀል ከፊት ይዘው፣ እሱ ወደመራቸው እየተጎተቱ ቀጥ ብለው ወደ ኮሶው ሄዱና ሥሩን ይጭሩ ጀመር። ጥሩሸዋ ኡኡ አለች። ዱላ የያዘ ሁሉ ደረሰና ልጆቹን ከበን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድናቸው። «ከበን» ማለቴ እኔም ስለነበርኩ ነው፤ መተተኛ እንዲያዝ ከማንም በላይ የምፈልግ እኔ ነበርኩ።

ቄስ ይሥሐቅ ያችን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ከፊት የቆመችውን ልጅ ጠየቋት።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ትህትና።»

«ሌላ ስምስ አለሽ?»

ልጅቷ ወረቀቱን አየችና ሳቋ አመለጣት። «ውይ አባ! ይቺ እኮ የኔ ጽሑፍ ናት። ጥቁር ነብር ማለት እኔ ነኝ!»

ቄሱ መስቀላቸውን ከማንሣታቸው ፍጥነት የተነሣ የራሳቸውን ጥምጥም ጣሉ። ሁለት ጎልማሶች ሮጡ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ውኃ ልቀዳ ነው የሄድኩት ይላል። ትህትና ግን ምስኪን፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳችን። በጥቅምትም መጥታ እንደነበር፣ አሁን የተመለሱት ከነሱ ወዲህ ማን ስሙን እንዳሰፈረ ሊያዩ እንደሆነ፣ በዚህ ጨዋታ ሰው የቅጽል ስሙን እንደሚጽፍ፣ የተቀሩትም ስሞች የጓደኞቿ እንደሆኑ ነገረችን። ነፋሱ ንጉሥ ተብሎ የተፈራው ጋኔን፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ሆኖ እዚያው ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አሻንጉሊቷስ?» አለች ጥሩሸዋ። «የእግሯስ ነገር?»

«የቁልፌ ማንጠልጠያ ነበረች፣ እማማ። እግሯን የአክስቴ ቡችላ ነው የበላው። ስጦታ መተው ግዴታ ሲሆንብኝ እሷን ተውኩ።»

ጥሩሸዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ለማረጋገጥ ያህል ትህትና ስልኳን ለቄስ ይሥሐቅ ሰጥታ ሌላ ሣጥን እንዲፈልጉ አደረገች። ቄሱ ከነሕዝቡ ምንጩ አጠገብ እስካለው ጦስኝ ድረስ ሄዱና ከድንጋይ ሥር ሣጥኗን በገዛ እጃቸው አወጡ። «አገኘኋት!» ሲሉ ያሰሙትን እልልታ የሚመስል ድምፅ እሳቸውም አልጠበቁትም።

ክቡርነትዎን ያወቅኩት በዚህ ሰዓት ነው። በሣጥኗ ክዳን ላይ ባለው ቁጥር ትህትና ደወለች፤ ድምፅዎም ለሁላችን እንዲሰማ አደረገችው። ቄሱ፣ አንድ ሰው ያለ በደሉ ጠንቋይ ተብሎ እንደተገለለ፣ አንድ ሠርግም እንደፈረሰ አስረድተው «እባክዎ አንድ እሑድ መጥተው፣ ሣጥኗን ያስቀመጥናት እኛ ነን ብለው ለሕዝቡ ይንገሩልን» ብለው ለመኑ። እርስዎም ብዙ ካሰቡ በኋላ «የተቃጠለችው ሣጥን የመንግሥት ንብረት ናት፤ ያቃጠሏት ሰዎች ማንነት ይገለጽልኝ» አሉ። ይቅርታ የመጠየቁን ነገር ደግሞ «የኛ የሥራ ዘርፍ አይደለም» ብለው ገለጹ። በእውነቱ ከዚያ በፊት ይቅርታ ራሱን የቻለ ዘርፍ እንዳለው አናውቅም ነበር።

ያልተማረችው ጥሩሸዋ ግን ዘርፉን ሳትጠይቅ አገኘችው። በዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ደጄ መጣች። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ልጆች እንኳ አልሳቁም። ከበራፌ ደርሳ ጎንበስ እንዳለች ቆመች።

«የበደለህ አፌ ነው፣ ሽመክት» አለች። «ድንጋዩን ግን አንገቴ ተሸከመው። አፌን የምጭንበት ባገኝ እሱን አመጣልህ ነበር።»

ልቤ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ትንሽ ትቁም ብሎኝ ነበር። ከኋላዬ አመተሥላሴ «አውርድላት እንጂ!» ብላ ገፋችኝ። ድንጋዩን አወረድኩላት፤ አንገቷ ቆስሏል። ተሳሳምን፤ ሦስታችንም አለቀስን። በሚቀጥለው የጽዋ ቀን ጥሩሸዋ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ከንፈሬ አደረሰችልኝ፤ ከሷ በኋላ መሬት ላይ ያስቀመጠብኝ ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹ ጊዜ ሳይሰጡ ሠርጉን ሊቀጥሉ ተነሡ። ጽናትን ከመሐል ሜዳ አስጠሩ፤ አወቀም መጣ፣ እግሩ ድኖ፣ ያለ ምርኩዝ። በሁላችን ፊት ጽናት ጠየቀችው።

«እናትህ ያን ቀን ያመነችውን ተናገረች፤ ስትሳሳትም ድንጋይ ተሸከመች። አንተ ግን ያን ቀን ምን ነበር ያመንከው?»

«እኔማ አንድ ቀን እንኳ አላመንኩም» አለ አወቀ፤ የሚያስደስታት መስሎት። «አባትሽ እንዲህ እንደማያደርግ ልቤ ያውቅ ነበር።»

ጽናት ቀለበቱን አወለቀች። «ብታምን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር» አለችው።

አወቀ ቀለበቱን ይዞ ወጣ፤ ጥሩሸዋም «ልጄ፣ እውነትሽን ነው» ብላ የጽናትን ግንባር ሳመች። እኔ እንደ አባት ኮራሁ፤ እንደ አባትም አዘንኩ። ልጄ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መምጣቷን ትታለች፤ ለሷ አስታ አምባ ሰው ዝም ያለባት አገር ናት። የአወቀን ዝምታ በእርስዎ ላይ አልጭንም። እሱ የራሱ ነው። የእርስዎን ዝምታ ብቻ ነው ለእርስዎ የምመልሰው።

አሁን ወደ አራተኛው ምስጋናዬ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ታሪኩን ሰምተው «ለጎብኚ ይማርካል» አሉ መሰለኝ፣ በግንቦት ሁለት ሠራተኞች ልከው በአጥሬ ትይዩ የቆርቆሮ ሰሌዳ አስተከሉ። ሰሌዳው «የደብተራው ቤት፤ የጥንታዊ ድግምት ምሥጢር የሚገለጥበት ጣቢያ» ይላል። በስልኩ ካርታ ላይም ቤቴ ቀይ ነጥብ ሆና ገብታለች። መንደሬ አንድ በጋ ሙሉ ጠንቋይ ብሎኝ በስተመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ስሜን ለዓለም አዳረሰው።

ስለዚህ አሁን እንግዳ አላጣም። አንዱ ከደጄ ቆሞ ፎቶ ያነሣኛል፤ ገብስ እያጨድኩ ከሆነ ማጭዱን ጥዬ ዳዊት እንድይዝ ይለምነኛል። ሌላዋ የባሏን ልብ እንድመልስላት ሸሚዙን ይዛ መጣች፤ ሸሚዙ መታጠብ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሰሌዳውን ልንቀል ስል የመንግሥት ንብረት መሆኑ ተነገረኝ። ከካርታው ላይ ቤቴን ስለማውጣት ስጠይቅ፣ ማስገባቱ ቀላል እንደሆነ፣ ማውጣቱ ግን ጥናት እንደሚፈልግ ተገለጸልኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሰሌዳውንና ቀዩን ነጥብ ያንሡልኝ። ከዚያም በፈቀዱት እሑድ፣ መኪናዎ የምትገባበት ደረቅ መንገድ አለ፣ መጥተው በቅጽሩ መሐል ቆመው «ሣጥኗን ያስቀመጥናት እኛ ነን፤ ሳንነግራችሁ በማስቀመጣችን ሰው ተጎድቷል» ይበሉ። እንደ ጥሩሸዋ ድንጋይ ተሸከሙ አልልዎትም፤ ለማጅራትዎ አዝናለሁ። እስከዚያው ድረስ የአስታ አምባ ሰው ተማክሮ፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ራስ አንድ ሰው እየቆመ እውነቱን እንዲነግር ወስኗል። ዘወትር ማክሰኞ ተረኛዋ ጥሩሸዋ ናት፤ ስትነግርም አሳጥራ አትነግርም።

በትዕግሥትዎ ለተንከባከቡን፣ በዝምታዎ ላስተማሩን፣ ከዛፍ ሥር አንሥተው ካርታ ላይ ላስቀመጡን ለክቡርነትዎ፣ ዕድሜን እንደ ጥድ፣ ጤናን እንደ ጦስኝ፣ ወሬን ደግሞ እንደ ሳማ በየአጥሩ እንዲያበዛልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሽመክት፣
የገብስና የበግ ገበሬ፣
ጽሕፈት ቤትዎ በሰጠው ሹመት የአስታ አምባ ጠንቋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ምክትልዎ ለመስክ ሥራ በሚል ብቻቸውን መጥተው ነበር። ሰሌዳውን የሚያዩ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላቸው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእርስዎ ወንበር ቶሎ የሚለቀቅበት አንድ ነገር እንድሠራላቸው ለመኑኝ። እንደማላውቅ ብነግራቸው አላመኑኝም፤ ሰሌዳውን አሳዩኝ። ስማቸውን እዚህ መጥቀስ ነውር ስለሚሆን እተወዋለሁ፤ ምክትል ያለዎትም አንድ ብቻ ነው።